«አንቺ ስኳር የለብሽም እንዴ?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱን መርጠናል። ሦስቱም ስለ መድኃኒት አይደሉም፣ ስኳር ያለበት ሰው ከሌላው ሰው አፍ ስለሚሰማው ነገር ነው የሚያወሩት። መልሱን የምጽፈው እኔ በስኳር ክትትል ክፍል የምሰራ ነርስ ነኝ፣ ስለዚ ከምላችሁ ነገር ብዙው ከታካሚዎቼ የተማርኩት ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ እንዴት ነሽ። 26 አመቴ ነው፣ ሀዋሳ ነው ምኖረው፣ ታይፕ 1 ስኳር እንዳለብኝ ካወቅኩ ሁለት አመት አለፈኝ። በሽታውን ለምጄዋለሁ ማለት ይቻላል፣ መርፌውም አያስፈራኝም፣ ያልለመድኩት የሰውን ወሬ ነው። ኦፊስ ምሳ ላይ ሳህኔን ያየ ሁሉ አስተያየት አለው፣ አንዷ «በልጅነትሽ ጣፋጭ አብዝተሽ ነው አይደል» ትለኛለች፣ አንዱ ደሞ አክስቱ በስኳር እግሯ እንዴት እንደተቆረጠ ስንቴ እንደነገረኝ። ዘመድ ቤት ስሄድ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ «በሞቴ፣ አንድ ቀን ምን ያመጣል» ይላሉ፣ እምቢ ስል ይቀየሙኛል። ልንጋባ ያሰብነው ልጅ ቤተሰቦች «ስኳር ያለባት ሴት አትወልድም» ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ከሁሉም የባሰብኝ ግን ባለፈው ወር ስኳሬ ወርዶ እጄ እየተንቀጠቀጠ ሚሪንዳ ስከፍት አለቃዬ ሰው ሁሉ ባለበት «አንቺ ስኳር የለብሽም እንዴ፣ ራስሽን ልትገድይ ነው?» ብሎ ጮኸብኝ፣ አፍሬ ጠርሙሱን አስቀመጥኩት። ከዛ ወዲህ መርፌዬን ሽንት ቤት ገብቼ ነው ምወጋው፣ ሰው ካለ ደሞ እተወዋለሁ። ምን ልበል? ዝም ልበል ወይስ ልጣላ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከደብዳቤሽ መጨረሻ ልነሳ፣ እሱ ነው ያስደነገጠኝ። የሰው አፍ ማስከፋቱ አንድ ነገር ነው፣ የሰው አፍ ፈርተሽ መርፌ መዝለልና የከፈትሽውን ለስላሳ ማስቀመጥ ግን ከሕይወትሽ ጋር የሚገናኝ ነገር ነው። እኛ ጋ ከሚመጡት ወጣቶች ስኳራቸው አልስተካከል ያለው ሁሉ ምግብ ስላበዛ እንዳይመስልሽ፣ ስንቱ ነው የዶርም ጓደኛ እንዳያይ፣ እጮኛ እንዳያውቅ፣ መስሪያ ቤት እንዳይወራ እያለ የምሳውን መርፌ የሚተወው። ስለዚ ለሰው ምን ልመልስ ከማለትሽ በፊት ከራስሽ ጋር አንድ ነገር ጨርሺ፣ ማንም ምንም ቢል መርፌው በሰአቱ ይወጋል፣ ስኳር ሲወርድ ደሞ ጣፋጩ ይጠጣል። መልስ ባይመጣልሽ እንኳ መጀመሪያ ጠጪ፣ መልሱን በኋላ ታስቢዋለሽ።

አለቃሽ ያላወቀው ምን መሰለሽ፣ ኢንሱሊን (የደም ስኳርን የሚያወርደውን መርፌ) የሚወጋ ሰው መለኪያው ላይ ቁጥሩ ከ70 በታች ሲሆን ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ከዛም ግራ መጋባት ይመጣበታል፣ ዝም ከተባለ ራስን እስከ መሳት ይደርሳል። በዛ ሰአት ሚሪንዳው መድኃኒት ነው። የሚያስፈልገው 15 ግራም ያህል ስኳር ነው፣ ይሄም የጠርሙሷ ለስላሳ ግማሽ ወይ ውሃ ውስጥ የተበጠበጠ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው፣ ከዛ 15 ደቂቃ ጠብቆ መለካት፣ ካልወጣ መድገም፣ ከወጣ በኋላ ምግብ ሰአት ሩቅ ከሆነ ዳቦ ምናምን መቅመስ። ዜሮ የሚባለው ለስላሳ ስኳር ስለሌለው አይሰራም፣ ቸኮሌትም ቅባቱ ስለሚያዘገየው ለዚህ አይሆንም።

ለአለቃሽ በሰአቱ የሚበቃው መልስ «ስኳሬ ወርዷል፣ ይሄ መድኃኒቴ ነው» የሚል ብቻ ነው፣ ከዛ በላይ ለመናገርም በዛ ሰአት አቅም የለሽም። ነገሩ ከበረደ በኋላ ግን ብቻውን አግኝተሽ አናግሪው። ሰው ፊት ያሳፈረን ሰው ሰው ፊት መመለስ ልብ ያረካ ይሆናል፣ እኔ ግን ነገ ኦፊስ ውስጥ ብትወድቂ ከሚደርሱልሽ አንዱ እሱ ስለሆነ ማወቁ ይበልጥብኛል። «ያን ቀን ለኔ አስበው እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ለስላሳውን ባልጠጣ ልወድቅ እችል ነበር። ሌላ ጊዜ እንደዛ ሆኜ ካዩኝ ቶሎ ጣፋጭ ነገር ይስጡኝ፣ ራሴን ከሳትኩ ግን አፌ ውስጥ ምንም ሳያስገቡ ሆስፒታል ያድርሱኝ» በይው። እንዲህ የተነገረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይደነግጣል፣ ይቅርታም ይጠይቃል፣ ባይጠይቅ እንኳ ሁለተኛ አይጮህም። አጠገብሽ ከሚቀመጡት ደሞ አንዷን የምታምኛትን መርጠሽ ይሄንኑ አሳውቂያት፣ ጣፋጩን የት መሳቢያ እንደምታስቀምጪም አሳያት። ሁሉም ሰው ማወቅ የለበትም፣ አንድ ሰው ግን የግድ ማወቅ አለበት። መርፌውን ደሞ ከሽንት ቤት አውጪው፣ ንጹህ ቦታ አይደለም፣ ወንጀልም እየሰራሽ አይደለም፣ ወንበርሽ ላይ ዞር ብለሽ ሆድሽ ላይ ለመውጋት የሚፈጀው ጊዜ አጭር ነው፣ ሰውም አንድ ሁለት ቀን አይቶ ይለምደዋል።

«ጣፋጭ አብዝተሽ ነው» ለምትልሽ፣ ያንቺ አይነቱ ከጣፋጭ አይመጣም። ታይፕ 1 የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ራሱ ተሳስቶ ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሰሩትን ሴሎች ሲያጠፋቸው ነው፣ ከረሜላ በልቶ የማያውቅ ልጅም ይይዘዋል። ብዙውን ጊዜ አዋቂዎችን በሚይዘው በታይፕ 2 ላይ ክብደትና አኗኗር ድርሻ አላቸው፣ ግን እሱም ላይ ዘርና ዕድሜ አሉበት፣ «በገዛ እጅህ ነው» ማለት ለማንም አይገባም። ሌላው ሁሌ የምሰማው «የሀብታም በሽታ ነው» የሚለው ነው፣ ይሄን ስሰማ በጣም ነው የሚያንገበግበኝ፣ ምክንያቱም ጎንደር ዙሪያ ገጠር ውስጥ ኢንሱሊን ከሚወጉት ስንቶቹ ቀጫጭን የድሃ ገበሬ ልጆች እንደሆኑ የኛው ሀኪሞች ከጻፉት ቆይቷል፣ እንዲያውም ከምግብ እጥረት ጋር የሚያያዘውን አይነት ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን በ2025 እ.ኤ.አ. ታይፕ 5 ብሎ ለብቻው አውቆታል። ይሄን ሁሉ ምሳ ላይ አብራሪ እያልኩሽ አይደለም። «የኔ አይነቱ ከጣፋጭ አይመጣም» በቂ ነው። የምር ማወቅ ፈልጎ የሚጠይቅሽ ሰው ሲመጣ ታስረጂዋለሽ፣ ሌላው ሰው ግን በነጋ በጠባ ሌክቸር እንድትሰጪው መብት የለውም።

የአክስቱን እግር ለሚነግርሽ ልጅ እኔ ብሆን እንዲህ እለዋለሁ፣ «አክስትህ እግዚአብሔር ያበርታቸው፣ ግን ይሄን ስሰማ ስለራሴ እየፈራሁ ምግብም አልበላ ይለኛል፣ እባክህ ከዚህ በኋላ አትንገረኝ»። ጨዋነት አለው፣ በሩንም ይዘጋል። አንቺ ግን ፍርሃቱን ይዘሽው እንዳትቀሪ እውነቱን ልንገርሽ፣ እግር ድረስ የሚያደርሰው ስኳር ለብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ነርቭና የደም ሥር ሲጎዳና ያልተሰማች ትንሽ ቁስል ሳትታይ ስትቆይ ነው፣ እግሩን ማታ ማታ የሚያይ፣ በባዶ እግሩ የማይሄድ፣ ቁስል ሲያይ ቶሎ የሚመጣ ሰው ብዙውን አደጋ ያመልጣል። ይሄን አክስቱ ቀድመው የሚነግራቸው ሰው አግኝተው ቢሆን ኖሮ ምን ያህል ደግ ነበር።

«በሞቴ» የሚሉት ዘመዶችሽ ግን ከነዚህ ጋር አንድ ላይ አይቆጠሩም፣ እነሱ ፍቅራቸውን የሚያውቁት በማጉረስ ነው። ችግሩ አንቺ የምትወጊው በምትበዪው ልክ ነው፣ ከተወጋሽ በኋላ የሚመጣ ሁለት ትልልቅ ጉርሻ እንጀራ ሂሳቡን ያበላሸዋል። ስለዚ እምቢ ከማለት ይልቅ ጉርሻውን ምረጪ፣ «እትዬ እኔን ሚጣፍጠኝ ጎመኑ ነው፣ ጎመንና አይብ አጉርሺኝ» በያት፣ እጇ ባዶውን አይመለስም፣ ያንቺም ስኳር አይዘልም። «ማር እኮ የተፈጥሮ ነው፣ በሶ እኮ ምንም የለውም» ሲሉሽ ግን እንዳትሸወጂ፣ ማርም በሶም እንጀራም ፓስታም ስኳር ይጨምራሉ፣ መቁጠር አለብሽ።

ስለ ጋብቻው። «አትወልድም» የሚለው ውሸት ነው፣ እርግጠኛ ሆነሽ ተናገሪው። ታይፕ 1 ያለባቸው ሴቶች ጤነኛ ልጅ ይወልዳሉ፣ ቁም ነገሩ እርግዝናው ታቅዶ መሆኑ ነው፣ ከማርገዝሽ ወራት ቀድመሽ ለሀኪምሽ ትነግሪያለሽ፣ የሦስት ወሩን የስኳር አማካይ የሚያሳየውን ምርመራ (ኤዋንሲ የሚሉትን) ታስተካክያለሽ፣ ፎሊክ አሲድ ትጀምሪያለሽ፣ ከዛ ክትትሉ ጠበቅ ይላል። ልጁ በሽታውን ይወርሳል ወይ ካሉሽም፣ እናታቸው ታይፕ 1 ካለባት 100 ልጆች ውስጥ የሚይዛቸው ከ5 ያነሱ ናቸው። ግን ይሄን ለቤተሰቦቹ ማስረዳት ያንቺ ሥራ አይመስለኝም፣ የሱ ነው። ቀጠሮሽ ቀን ይዘሽው ሂጂ፣ ጥያቄውን ለሀኪሙ ይጠይቅ፣ ከዛ እናቱ ጋ ሄዶ ይናገር። ይሄን ለማድረግ ፈቃደኛ ካልሆነ እሱም አንድ መልስ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከኛ ከጤና ባለሙያዎችም ክፉ ቃል ይወጣል። «አትሰሚም እንዴ፣ ለምንድነው የወጣው» ብለው ተቆጥተውት ከዛ በኋላ ደብተሩ ላይ የሌለ ቁጥር እየፈጠረ የሚመጣ ታካሚ አይቻለሁ፣ በውሸት ቁጥር ደሞ መድኃኒት ይታዘዛል። እንዲህ ሲገጥምሽ «እውነተኛውን ቁጥር ነው ያመጣሁት፣ ምን እናስተካክል?» ብለሽ ጠይቂ፣ ከዛ በኋላ መልስ መስጠት የኛ ፈንታ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው፣ የ10 ዓመት ልጄ ስኳር አለበት። ጎረቤትና ዘመድ «ሕፃን ልጅ በመርፌ አትጨርሱ፣ ጸበል ውሰዱትና መርፌውን ተዉት» ይሉናል፣ እናቱም ልቧ እየተከፈለ ነው። ትምህርት ቤት ልጆቹ «ይጋባብናል» ብለው አብረውት አይበሉም፣ የስፖርት አስተማሪው ደግሞ «አንተ በሽተኛ ነህ፣ ቁጭ በል» ይለዋል። አንድ ማታ «አባዬ እኔ ምን አጥፍቼ ነው?» አለኝ፣ መልስ አጣሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የልጁን ጥያቄ ዛሬ ማታ ይመልሱለት፣ አይደር። «ምንም አላጠፋህም። ሰውነትህ ውስጥ ኢንሱሊን የሚባል ነገር የሚሰሩት ሥራቸውን አቁመዋል፣ እኛ ደሞ በመርፌ እንተካልሃለን» ይበሉት። የ10 ዓመት ልጅ ይሄ ይገባዋል፣ ዝም ከተባለ ግን የጎረቤቱን ወሬ ሰብስቦ ራሱ መልስ ይሰራለታል።

መርፌውን ተዉት የሚለው ግን ከሰማኋቸው አስተያየቶች ሁሉ አደገኛው ነው። ታይፕ 1 ያለበት ልጅ ኢንሱሊን ካቆመ በቀናት ውስጥ ደሙ አሲዳማ ይሆናል፣ ይጠማዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ያመዋል፣ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ከዛ ራሱን ይስታል፣ ካልታከመ ይሞታል። ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት የነዚህ ልጆች ዕድሜ የሚቆጠረው በወራት፣ ቢረዝም በጥቂት ዓመት ነበር። በጥር 1922 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ሊሞት ተኝቶ ሳለ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንሱሊን ተወጋና ተነሳ፣ ከዛ በኋላ 13 ዓመት ኖሯል። ያ መርፌ ነው እርስዎ ቤት ያለው።

ጸበሉን በተመለከተ ማንም እምነታችሁን ተዉ አይላችሁም፣ ልጁ ይጠመቅ፣ መርፌውም ይቀጥል፣ ምግቡንም ሳይዘል ይብላ። በኤችአይቪ ጊዜ መድኃኒቱን ጥለው ጸበል የሚቀመጡ ወገኖች ሲበዙ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ መድኃኒቱና ጸበሉ አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረው ነበር፣ ብዙ ነፍስም ተርፎበታል ብዬ አምናለሁ። ስለዚ ከጎረቤት ጋር ከመከራከር የንስሐ አባታችሁን ቤት ጠርታችሁ ባለቤትዎ ፊት አማክሯቸው። ለሷ ከኔ ቃል ይልቅ የሳቸው ቃል ይከብዳል፣ ለጎረቤትም መልሱ «አባታችን ሁለቱንም ቀጥሉ ብለውናል» ይሆናል፣ በዛው ያበቃል።

ትምህርት ቤቱ ጋ ይሂዱ፣ በስልክ አይሁን። ከክትትል ክፍሉ አጭር ደብዳቤ አጽፈው ይያዙ፣ ለርዕሰ መምህሩም ለክፍል አስተማሪውም ለስፖርት አስተማሪውም ይድረስ፣ ስኳር እንደማይተላለፍ፣ ሲወርድበት ምን እንደሚታይና ምን እንደሚሰጠው ይጻፍበት። ልጆቹን አስተማሪያቸው ቢነግራቸው ነው ሚሻለው፣ የልጅዎ ስም ሳይነሳ ስለ በሽታው በጠቅላላው ይንገሯቸው፣ ኖቬምበር 14 የሚውለው የዓለም የስኳር ቀን ለዚህ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ስፖርት ደግሞ ለዚህ ልጅ እንዲያውም ያስፈልገዋል። ሩጫ ስኳር ስለሚያወርድ ከመጫወቱ በፊት መለካት፣ ዝቅ ያለ ከሆነ ትንሽ መብላት፣ ኪሱ ውስጥም ከረሜላ መያዝ ነው ጥንቃቄው። ኳስ የሚወድ ልጅ ከሆነ የሪያል ማድሪድ ተጫዋች ስለነበረው ስለ ናቾ ፈርናንዴዝ ይንገሩት። በ12 ዓመቱ ታይፕ 1 ተገኘበት፣ መጀመሪያ ያዩት ሀኪም ኳስ አበቃልህ አሉት፣ ከቀናት በኋላ ሌላ ሀኪም የለም መጫወት አለብህ አሉት፣ እሱም ተጫወተ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ዌምብሌይ ላይ የሻምፒየንስ ሊጉን ዋንጫ አምበል ሆኖ ያነሳው እሱ ነው። ለስፖርት አስተማሪውም ይሄንኑ ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን፣ የምጽፈው ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው። ባለቤቴ ታይፕ 2 ስኳር አለበት፣ ኡበር ነው የሚሰራው፣ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ነው። ምግብ ሲቀርብ «ይሄን ሁሉ ልትበላ ነው?» ሳልለው አላልፍም፣ አንድ ቀን ተናድጄ «እናትህም በዚሁ ነው የሞቱት» አልኩት። ከዛ ወዲህ ሲለካ ቁጥሩን ይደብቀኛል፣ ውጪም ይበላል መሰለኝ። እኔ እኮ ስለምወደው ነው፣ ታዲያ ዝም ብዬ ልየው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄን ደብዳቤ መጻፍሽን አከበርኩት፣ ምክንያቱም ተናጋሪው ወገን ሆኖ የሚጠይቅ ሰው ብዙም አይደርሰንም። ዝም ብለሽ እይው አልልሽም፣ ግን ማዕድ ላይ የሚነገር ነገር እንደማይሰራ አንቺው አይተሽዋል፣ ሰውየው መብላቱን አላቆመም፣ አንቺ ፊት መብላቱን ነው ያቆመው። ቁጥሩን መደበቁ ከዛ የባሰ ነው፣ አንድ ቀን 300 ሲሆን የሚነግረው ሰው አይኖረውም ማለት ነው።

ጥፋቱ ሁሉ የሱ ሆዳምነት እንዳይመስልሽ ደሞ። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤሎች መጀመሪያ ሲገቡ ስኳር እምብዛም አልነበረባቸውም፣ እዛ በቆዩ ቁጥር ግን እየጨመረ ሄደ፣ ሕዝቡ ያው ሕዝብ ነው፣ የተቀየረው ምግቡና የሰውነት እንቅስቃሴው ነው። ባለቤትሽም ከወንበር የማያስነሳ ሥራ ላይ ሆኖ ከሀገር ይዞት የመጣውን እንጀራ በነበረው ልክ ሲበላ ይሄ ይመጣል፣ በዛ ላይ ደሞ የእናቱ ዘር አለበት። ስለዚ የሱን ሳህን ብቻ አትቀይሪ፣ የቤቱን ሁሉ ማዕድ ቀይሪ። እንጀራው አነስ ይበል፣ ጎመኑ፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ሰላጣው፣ ምስሩ ይብዛ፣ ለልጆቹም ላንቺም ያው ይቅረብ፣ ጣፋጭና ጁስ ቤት ውስጥ አይግባ፣ ያኔ ማዕድ ላይ የምትናገሪው ነገር አይኖርሽም። እራት ከበላችሁ በኋላ «እስቲ ወጣ እንበል» ብለሽው 15 ደቂቃ አብራችሁ ተራመዱ፣ ከምግብ በኋላ የሚደረግ እርምጃ ስኳሩን በደንብ ነው የሚያወርደው፣ ሁለታችሁም ታወራላችሁ። ጾም ሲደርስ ደሞ ምን ኪኒን እንደሚወስድ እይ፣ ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች እምብዛም አያወርድም፣ ግሊፒዛይድና መሰሎቹ ግን ምግብ ሲዘገይ ያወርዳሉ፣ እሱ ደሞ መሪ ላይ ነው፣ ስለዚ ሳይጀምር ለሀኪሙ ይንገር።

የእናቱን ነገር ግን ለብቻው ይቅርታ ጠይቂው። «ፈርቼ ነው እንደዛ ያልኩህ፣ እናትህን ማንሳት አልነበረብኝም» በይው፣ «ግን አንተ ደሞ» የሚል ነገር እንዳታስከትይበት። ከዛ አንድ ጥያቄ ጠይቂውና መልሱን ስሚ፣ «ምን ባደርግልህ ነው የሚቀልህ?» ምናልባት ቀጠሮ አብረሽኝ ሂጂ ይልሻል፣ ምናልባት መኪና ውስጥ የሚበላው ምሳ ቋጥሪልኝ ይልሻል፣ ምናልባት ለጥቂት ቀን ስለ ስኳር አታንሺብኝ ይልሻል፣ ሦስተኛውን ካለሽም እሺ በይው። ቁጥሩን ራሱ ያሳየሽ ቀን ምንም ያህል ከፍ ቢል አትደንግጪበት፣ «እሺ፣ ስላሳየኸኝ ደስ ብሎኛል» በይው። ቁጥሩ በተከታታይ ቀናት እንደዛው ከፍ ካለ ለሀኪሙ አብራችሁ ደውሉ።